ዱቄት ጉድጓድ አይወድም

ሠራተኛ ሰፈር፣ ከወርቅ ቤቶች ኋላ፣
አንድ ፎርኖ አለኝ፣ ሆዱ እሳት የሚበላ፤
ዳቦ ቤት ሲከስር በርካሽ የገዛሁት።
ዛሬ ዱቄቱ ሌላ፣ እንጀራዬም ሌላ።

የጎረቤት ልጅ መጣች፣ ሊጥ በሻሽ ሸፍና፣
«አብስልልን ብላለች እማዬ፣ ጋዙ አልቋልና።»
«ሂጂ፣ እንዲህ በያት፦ ፎርኖው ከዳቦ ተፋቷል፤
ቀለም አግብቷል አሁን፣ ትንፋሹ መርዝ ሆኗል።»

ሰኞ ጠዋት ደግሞ ወይዘሮ ዘርትሁን
በጋሪ አስጭነው አመጡ የባላቸውን፣
የሟቹን ሞተር፣ ብሎን በብሎን የተፈታ፦
ሻንሲ፣ ሁለት ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ፣ የቤንዚን ጋን።
«ልጄ ሊነዳው ነው፤ አዲስ አድርግልኝ።
ቀይ ይሁን» አሉና ሄዱ። ሌላ አልነገሩኝ።

ጋኑን ሦስት ቀን ሙሉ በውሃ ሞላሁት፤
ቤንዚን የጠጣ ብረት አይታመንምና፣
አሸተትኩት፣ ደፋሁት፣ ደግሜ አሸተትኩት።

ከዚያ መላጥ ነው።
ማስለቀቂያው ሲነካው ቀለም ያኮርፋል፣
ይኮማተራል፣ ያብጣል፣ ከብረቱ ይፋታል።
በእስፓቶላ ስገፋው ጥቁሩ ወረደ፣
ቢጫው ተከተለው፣ እየተጠቀለለ ሄደ፤
ከቢጫው ስር አረንጓዴ፣ ቁጥር የተጻፈበት፣
ከአረንጓዴው ስር ቀይ፣ ፀሐይ የጠጣበት፣
ከቀዩም ስር
እስቱኮ።

እስቱኮ እሳት አይችልም። ሁለት መቶ ዲግሪ ሲገባ
ይሰነጠቃል፣ አዲሱን ቀለም ያቆስላል።
በመሮ ፈነቀልኩት፤ እንደ ቆሎ ተፈናጠረ።
ስሩ ጉድጓድ ነው። መዳፍ የሚያህል፣ ለስላሳ፣
መዶሻ ያልመታው፣ መኪና ያልገጨው።

ደወልኩላቸው፤ መጡ፤ ጎንበስ ብለው አዩት።
ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አርገው
ጉልበታቸውን ወደ ብረቱ አስጠጉት።
ገጠመ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «በሌሊት፣ ጃንሜዳ፣
ሰው ሳያየን ነበር መንዳት ያስተማረኝ።
ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ፤ ሞተሩ ዘለለ፤ ወደቅን።
ለአባቴ ‹እኔ ነኝ የጣልኳት› አላቸው፣
በነጋታው እስቱኮ አስሞላ፣ ቀለም አስቀባ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን አላነሳው።
ልጄ፣ እንዳትደፍነው።»

እሺ ማለት ቀላል ነው። ዱቄት ግን ጉድጓድ አይወድም።
ጠመንጃው በኤሌክትሪክ ተኩሶ ብረቱ ላይ ቢያሰፍረውም
ጠርዝ ጠርዙን ይይዛል፣ ከመሃሉ ይሸሻል፣
ለቅሶ ቤት እንደመጣ እንግዳ፣ በር በሩን ይቀመጣል።

እንዲያም ሆኖ አስገባሁት።
በአሥራ አንደኛው ደቂቃ መብራት ሄደ።
ሰፈሩ በአንድ አፍ «ውይ!» አለ፤
ፎርኖው ጨለማ ውስጥ ብቻውን ቀዘቀዘ።
ስከፍተው ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ቆዳ፣
እንዳልበሰለ ቂጣ።
እንደገና ማስለቀቂያ፣ እንደገና የሽቦ ብሩሽ፣
እንደገና አኳራጅ፣ እንደገና የሚስቴ ሳል
ከመጋረጃው ወዲያ።

በሁለተኛው ጠመንጃውን ሰቀልኩት።
ጋኑን ባዶውን አሞቅኩት፤ ከፎርኖው በጓንት አውጥቼ
ቀዩን ዱቄት በሻይ ማጥለያ፣ ልክ እንደ እናቴ ወንፊት፣
ጉድጓዱ ላይ ነፋሁበት።
ትኩስ ነበርና አልሸሸም፤ እዚያው ቀለጠ፣
ከዳር እስከ መሃል ረጋ።
ሌላውን እንደ ደንቡ ረጨሁት። ሃያ ደቂቃ።
መብራቱም፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ታገሠኝ።

ቅዳሜ ልጅየው መጣ። ናሁሰናይ ይባላል።
ጋኑን አገላበጠ፣ ጣቱን ጉድጓዱ ላይ አሳረፈ፣
«ይሄ ስህተት አይደል? ትቀንሳለህ?» አለኝ።
እናቱን አየኋቸው። እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ።
መቶ ብር ቀነስኩለት።

ዕቃውን ጋሪ ላይ ሲጭን ጀርባውን ሲያዞር
ወይዘሮ ዘርትሁን ቀረቡኝና
መቶ ብሩን አጣጥፈው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ፣
ቱታዬ ኪስ ውስጥ ከተቱት።